መሐንዲሱ ሜትሩን ይዞ ከመምጣቱ በፊት

የቤት ጉዳይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ጠያቂዎቹ የሚያከራዩትን ቤት አድሰዋል፤ አሁን ባንኩ ቤቱን ዳግም ገምቶ ብድሩን እንዲያሳድግላቸው፣ አለዚያም ሌላ ባንክ ብድሩን እንዲረከብላቸው ይፈልጋሉ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ውስጥ ስድስት ክፍል የሚከራይ ቤት አለኝ፤ ካርታው ባንክ ተይዟል። አምና ቆርቆሮውን ቀየርኩ፣ ሽንት ቤቶቹን ሴራሚክ አለበስኩ፣ የመብራቱን መስመር እንዳለ አዲስ አስዘረጋሁ፣ ውስጥም ውጭም ቀለም አስቀባሁ። ያወጣሁትን ያህል ግምቱ ይጨምራል ወይ? አቦ፣ እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ ያወጡትን ያህል አይጨምርም። የባንክ መሐንዲስ “ይህን ቤት ዛሬ ለመሥራት ስንት ይፈጃል?” ብሎ ነው የሚነሣው። ከዚያ ላይ የእርጅና ቅናሽ ያነሣል፤ ብዙ ባንኮች ደግሞ ለአካባቢው ደረጃ ሰጥተው የተወሰነ ይጨምራሉ። በቅጹ ላይ ቤቱ ተበታትኖ ነው የሚሞላው፦ መሠረት፣ ኮለንና ቢም፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ኮርኒስ፣ ወለል፣ በርና መስኮት፣ የውሃና የንጽሕና ዕቃ፣ መብራት። እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ አለው። እድሳትዎ ግምት የሚያነሣው ከእነዚህ መስመሮች አንዱን ሲለውጥ ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው። 120 ካሬ ቤት በካሬ 25,000 ብር ቢሰላ 3,000,000 ብር ይመጣል። ለእርጅና 30 በመቶ ቢነሣለት 2,100,000 ይቀራል። ጣሪያው፣ የውሃውና የመብራቱ መስመር አዲስ መሆኑ ታምኖ ቅናሹ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ 2,400,000 ይሆናል። የ300,000 ብሩ ልዩነት የመጣው “ታምኖ” ከምትለዋ ቃል ነው። ቀለሙ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ቤቱ የተያዘ መሆኑን ከማሳየት አያልፍም።

እንዲታመን ምን ይደረግ? ከቆርቆሮው እንጀምር። የቆርቆሮ ቁጥር ባነሰ መጠን ይወፍራል፤ 28 ቁጥር ከ32፣ 32ቱ ከ35 ይወፍራል። ደረሰኝዎ ላይ “ቆርቆሮ 60 ቅጠል” ብቻ ተጽፎ ከሆነ መሐንዲሱ ለጥንቃቄ ቀጭኑን ነው የሚይዘው። ከሻጩ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ያስወጡ፤ የተረፈ ቁራጭ ካለም ውፍረቱ እንዲለካ አስቀምጡት። ቆርቆሮው በምስማር ከተመታ ደግሞ የምስማሮቹን አናት ይዩ። የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮውን ቀን ይለጥጠዋል፣ ሌሊት ይሰበስበዋል፤ ምስማሩ ቀስ በቀስ ይነቀላል። ባለ ጎማ ብሎን ይሻላል፤ ግን ጎማው በሙቀት ስለሚደርቅ የተሰነጠቀውን እየለዩ መቀየር ያስፈልጋል። ኮርኒሱ ላይ አንዲት ቡናማ የውሃ ምልክት ካለች አዲሱን ጣሪያ እንዳለ ጥያቄ ውስጥ ትከታለች። ስለዚህ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ምልክቷን ብቻ በቀለም እንዳይሸፍኗት።

መብራቱ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ልስን ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ለመሐንዲሱ እንደሌለ ነው። ከመለሰኑ በፊት የተነሣ ፎቶ ካለ ትልቅ ነገር ነው። ከሌለ የማከፋፈያ ሳጥኑ ይናገርልዎ፦ እያንዳንዱ ብሬከር የቱን ክፍል እንደሚያገለግል ይጻፍበት፤ የሠራው ባለሙያም የሽቦውን ዓይነትና የመስመሩን ብዛት ዘርዝሮ በፊርማው ያረጋግጥ። የተለመደው አሠራር ለአምፖል 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ከ16 ጋር፣ ለምጣድ ለብቻው 4 ካሬ ከ25 ጋር ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ከሶኬት መስመር ጋር ከተቀጠለ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይከስላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል። መሐንዲስ የጠቆረ ሶኬት ካየ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ስድስት ተከራይ ማለት ስድስት ምጣድ ማለት መሆኑንም አይርሱ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጋግሩ 100 አምፔር ገደማ ይጠይቃል። ባለ አንድ ፌዝ የቤት ቆጣሪ ይህን አይችለውም። ወይ ሦስት ፌዝ ያስገቡ፣ ወይ ተከራዮቹን በተራ ያስጋግሩ። የአርዝ ዘንጉ የተተከለበት ቦታም ምልክት ይደረግበት።

ለሽንት ቤቶቹ ሴራሚኩ ከመቆጠሩ በፊት ውሃ መያዙን እርስዎ ራስዎ ይሞክሩት። የወለሉን ውሃ መውረጃ በጨርቅና በፕላስቲክ ይድፈኑ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይሙሉ፣ ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያስምሩና 24 ሰዓት ይተዉት። እዚሁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በድሬ ሙቀት ውሃው ሳይፈስስም ይተናል። ስለዚህ እዚያው ክፍል ውስጥ ውሃ የያዘ ሳፋ ያስቀምጡና እሱም ላይ ያስምሩ። ሳፋው 4 ሚሊ ሜትር ጎድሎ ወለሉ 12 ከጎደለ፣ 8 ሚሊ ሜትሩ በሴራሚኩ መጋጠሚያ ወይም በቱቦው ዙሪያ ሄዷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ ያለው ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ጨምሬ አከራይቻለሁ። ፕላኑ ላይ የሉም። መሐንዲሱ ይቆጥራቸዋል?

መልስ፦ ያያቸዋል፣ ይለካቸዋል፣ አይቆጥራቸውም። አንዳንዱ ባንክ እንዲያውም “ፈቃድ የሌለው ግንባታ አለ” ብሎ ጉዳዩን ያቆመዋል። የሕንፃ ሕጉ አዲስ ግንባታም ሆነ ማስፋፋት ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። የጥገና ቀለምና የማስፋፊያ ክፍል በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ያለውን ቤት እንዳለ የሚያሳይ ፕላን ያሠሩ፣ ለከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ያቅርቡ፣ ፈቃዱ ሲወጣ ብቻ ባንኩን ይጥሩ። ተገላቢጦሽ ከሄዱ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ግምት መዝገብ ላይ ይቀመጥና ሁለተኛው መሐንዲስ ያንን አንብቦ ነው የሚመጣው።

እግረ መንገድዎን ግቢውን ይለኩ። አራቱን ጎን ብቻ ሳይሆን ከማዕዘን ማዕዘን ያሉትን ሁለት ሰያፎችም ይለኩ፤ ጎኖቹ ልክ ሆነው ሰያፎቹ ከሳይት ፕላኑ ጋር ካልገጠሙ አጥሩ ዞሯል። ካርታው 200 ካሬ ብሎ አጥሩ 212 ከያዘ፣ 12ቱ ካሬ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳዎታል፤ ሰርቪሱ በከፊል እዚያ ላይ ካረፈ ሙሉ በሙሉ ይወድቃል።

ስለ ወረቀት ሌሎችም ስለጠየቁን እዚሁ እንጨርሰው። ዋናው ካርታ ባንክ ስለሚሆን የእርስዎ ቅጂ ይበቃል። የግንባታ ፈቃዱና ፕላኑ፣ የዘመኑ የቦታና የቤት ግብር ደረሰኝ፣ ቦታው በሊዝ ከሆነ የሊዝ ክፍያው፣ የጋብቻ ወይም ያለማግባት ማስረጃ ያስፈልጋል። በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 የሊዝ መብት በመያዣነት የሚያዘው በተከፈለው የሊዝ መጠን ልክ ስለሆነ ውዝፍ ካለ ቀድመው ይክፈሉ። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68፣ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ ባለቤትዎ ጅቡቲ ወይም አረብ አገር ካሉ ውክልናው “በመያዣ ማስያዝ”ን በግልጽ የጠቀሰ ይሁን። ወደ ሌላ ባንክ ለማዞር ከአሁኑ ባንክ የቀሪ ዕዳ ደብዳቤ ያወጣሉ፤ አዲሱ ከፍሎ እገዳው ይነሣና የራሱን ያስመዘግባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3052 መያዣ ውጤት የሚኖረው ንብረቱ ባለበት አካባቢ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ በመሆኑ፣ ምዝገባው ሳያልቅ አዲሱ ባንክ ተጨማሪውን ብር ይለቅልኛል ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ መጋላ ነው ቤቴ። ከለሰንኩትና ከቀባሁት ሦስት ወር አልሞላውም፤ የግድግዳው ታችኛ ክፍል ነጭ ዱቄት እያወጣ ቀለሙ ይላጣል። መሐንዲሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀጠሮውን ያስተላልፉ። የሚታየው ነጭ ነገር ጨው ነው። ከመሬት የሚሳበው እርጥበት በግድግዳው ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ወደ ፊት ያወጣዋል፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል፣ ሲደርቅ እየፋፋ ልስኑንና ቀለሙን ይገፋል። በላዩ ላይ እንደገና መቀባት ለአንድ ወር ያህል ደህና ያስመስለዋል። መሐንዲስ ግን የግድግዳን ታች በጣት አንኳኩቶ ነው የሚያልፈው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ “የልስን መላቀቅ” ብሎ ይመዘግባል።

መጀመሪያ ምንጩን ያድርቁ። የፈሰሰ ቱቦ አለ? የግቢው ውሃ ወደ ግድግዳው ይወርዳል? በቤቱ ዙሪያ ከ80 ሴንቲ እስከ 1 ሜትር ስፋት ያለው አርማታ ወደ ውጭ አዘንብለው ያፍስሱ፤ በየሜትሩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ይበቃል። ቀጥሎ ልስኑን እርጥበቱ ከደረሰበት መስመር 50 ሴንቲ ያህል ከፍ አድርገው እስከ ብሎኬቱ ያስወግዱ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፤ በውሃ ካጠቡት ተመልሶ ይሟሟና ወደ ውስጥ ይገባል። ግድግዳው ተከፍቶ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይድረቅ።

ከዚያ አሸዋው። ከደረቅ ወንዝ የሚመጣ አሸዋ ብዙ ጊዜ ደለል ይዞ ነው የሚመጣው፤ ደለል ሲሚንቶው አሸዋውን እንዳይዘው ያደርጋል። መፈተኑ ቀላል ነው። ጥርት ያለ የአንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይውሰዱ፣ ግማሹን አሸዋ ያድርጉበት፣ ከላይ ውሃ ይሙሉ፣ ቆብ አድርገው በደንብ ይናጡና ለጥቂት ሰዓት ያስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ ደለሉ ከላይ ቀጭን ጭቃማ ንብር ይሠራል። ሁለቱን በማስመሪያ ይለኩ፦ አሸዋው 100 ሚሊ ሜትር ሆኖ ደለሉ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ያ አሸዋ ይታጠባል፣ አለዚያ ይመለሳል። በኢትዮጵያ ደረጃም ገደቡ 6 በመቶ ነው።

ልስኑን አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ በታጠበ አሸዋ ያብኩት። በጠዋት ወይም ግድግዳው ጥላ ሲሆን ይለስኑ፤ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡት። ድሬ ላይ በቀትር ተለስኖ ያልጠጣ ግድግዳ ሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ከ28 ቀን በፊት ቀለም የለም። መድረቁን ለማረጋገጥ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፈው ያሳድሩት፤ ጠዋት ከውስጥ ላብ ካቆረ ገና ነው። ታችኛው ክፍል ላይ ጄሶ በፍጹም አይግባ። ጄሶ እርጥበት ሲነካው ይለሰልሳል፤ ቀቢዎች የሚወዱት ቶሎ ስለሚያምር ነው።

ጥያቄ፦ ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ላይ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ አለ። ደፍኜው ልጠብቅ?

መልስ፦ ከደፈኑት መሐንዲሱ ደፍነው እንደደበቁት ይቆጥረዋል። ፀጉር የሚያክልና ልስኑ ላይ ብቻ የቀረ ከሆነ ይደፈን። ሰያፍ ሆኖ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ ግን መዋቅር የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። በመካከል ያለው ላይ ይህን ያድርጉ፦ ስንጥቁን አቋርጦ የእጅ መዳፍ የሚያክል ጄሶ ይለጥፉበት (እዚህ ጋ ብቻ ጄሶ ይጠቅማል) እና ቀኑን በሚስማር ይጻፉበት። በሁለት ወር ውስጥ ጄሶው ካልተሰነጠቀ ቤቱ ቆሟል። ቀን የተጻፈበትን ጄሶ እዚያው ይተዉት፤ ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል። ከላይ የውሃ ሮቶ ካለም እሱን ይጠርጥሩ፦ 2,000 ሊትር ማለት ሁለት ቶን ነው፤ አሮጌ ሶሌታ (የአርማታ ጣሪያ) ላይ ሳይሆን በራሱ ብረት መቆሚያ ላይ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለውን የአባቶቻችንን ጌይ ጋር (ባህላዊ የሐረሪ ቤት) አድሰን ለእንግዳ እናከራያለን። ኮንትራክተሩ የውጩን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስኖ ዘመናዊ ካደረግነው ግምቱ ከፍ ይላል ብሎናል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ይጎዳችኋል። የጀጎል ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ እርጥበት ይቀበላል፣ በኖራው በኩል ደግሞ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ሲለበስ መተንፈሻው ይዘጋል፤ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይለሰልሳል፣ ጣሪያውን የተሸከሙት እንጨቶች ግድግዳው ውስጥ የገቡበት ጫፋቸው ይበሰብሳል። ጉዳቱ ከውጭ ሲታይ ደርሶ ነው። ኖራ ሲቆሽሽ እንደገና መቀባት ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የወረቀት ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ለመሥራት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ የሌለው ሲሚንቶ ይነሣ ሊባል ይችላል፤ ባንክም ይህን ስጋት ያውቃል። ያም ሆኖ ቅሬታችሁ ይገባናል፦ የባንክ ቅጽ ላይ ድንጋይና ጭቃ ዝቅተኛው መስመር ነው፤ ለነደባው (ከፍ ብሎ ለተሠራው የመቀመጫ መደብ)፣ ለቀዩ ወለል፣ ለተቀረጸው በር የሚሞላ ቦታ የለውም። ስለዚህ ቅጹ የሚያውቀውን ያጠናክሩ፦ ሽንት ቤትና መታጠቢያ፣ የመብራት መስመር፣ የጣሪያ ውሃ መውረጃ። የቀረውን በተያያዥ ገጽ፣ የግድግዳውን ውፍረትና የእንጨቱን ዓይነት ለክቶ፣ የጥገና ፈቃዱን አያይዞ ማቅረብ ነው። ብድሩን የሚሸከመው ግን ከግምቱ ይልቅ የእንግዳ ገቢያችሁ ነው፤ ንግድ ፈቃዱና የባንክ እንቅስቃሴው ንጹሕ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከዚራ የቀበሌ ቤት ውስጥ 30 ዓመት ኖሬ ከኪሴ አድሼዋለሁ። ላስይዘው እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። በአዋጅ 47/1967 የተወረሰ ቤት የመንግሥት ነው፤ ማደስ ባለቤት አያደርግም።

ጥያቄ፦ ተከራይ ያለበት ቤት ከፍ ያለ ግምት ያገኛል ይባላል። ውሉ ላይ ኪራዩን ከፍ አድርገን ብንጽፍስ?

መልስ፦ የቤቱ ግምት በኪራይ አይጨምርም፤ ኪራዩ የሚታየው ዕዳውን መክፈል ትችላለህ ወይ ለሚለው ነው። ባንኩ ውሉን ከኪራይ ገቢ ግብር ደረሰኝ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ውሉ 12,000፣ ግብሩ በ5,000 የተከፈለ ከሆነ የሚያምነው ዝቅተኛውን ነው፤ ጥያቄውም ወደ ገቢዎች ሊሄድ ይችላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ያልተመዘገበ ውል ይዞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

ለተከራዮቹ ከሦስት ቀን በፊት ይንገሯቸው፤ ሁሉም ክፍል ይከፈት። የተቆለፈ ክፍል “አልታየም” ተብሎ ይጻፋል፣ ያልታየ ነገር ደግሞ በዝቅተኛው ይሞላል። ቀጠሮውን ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ያድርጉት። ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ጣሪያ ላይ የሚወጣ መሐንዲስ አያገኙም፤ ከታች አይቶ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ግምቱ መጣ፤ ከጠበቅነው በጣም ያነሰ ነው። መከራከር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን “ጎረቤቴ በዚህን ያህል ሸጧል” የሚለው ክርክር አይሠራም። ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁና መስመር በመስመር ያንብቡት። በመጀመሪያ ስፋቱን ይመልከቱ፦ የቤት ካሬ የሚለካው ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ ነው፤ ከውስጥ ተለክቶ ከሆነ 10 በ12 በሆነ ቤት 20 ሴንቲ ግድግዳ ብቻ ወደ 9 ካሬ ያጎድላል። ቀጥሎ የጣሪያውን ዓይነትና ቁጥር፣ የወለሉን ዓይነት (ሴራሚኩ ሊሾ፣ ማለትም የሲሚንቶ ወለል፣ ተብሎ ተሞልቶ እንዳይሆን)፣ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት። ከዋናው ቤት ውጭ ያሉት ብዙ ጊዜ የሚረሱ ናቸው፦ አጥር፣ የግቢ በር፣ የግቢ ንጣፍ፣ የውሃ መቆሚያው፣ ሴፕቲክ ታንኩ። ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ከሆኑ የድጋፍ ግንቡንም ይጨምሩ፤ የ1998ቱ ጎርፍ ያልተረሳ ስለሆነ መሐንዲሱ ስለ ወንዙ መጠየቁ አይቀርም፣ ግንቡ ደግሞ መልስም ነው፣ ወጪም ነው። የአጥሩን ርዝመትና ከፍታ በሜትር፣ ንጣፉን በካሬ፣ ታንኩን በሊትር ጽፈው፣ ፎቶና ደረሰኝ አያይዘው ዳግም ግምት ይጠይቁ።